የስብ መርፌና አሥራ ሦስት ኪሎ ድንጋይ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ በአንድ ክረምት አሥር ጊዜ ተወግቻለሁ፤ አምስቱን በቀኝ፣ አምስቱን በግራ ቂጤ። ከአሥሩ አንዱንም አልረሳሁም። ቂም የያዝኩት ግን ሲስተሯ ላይ አይደለም፤ እጇ ላባ ነው፣ እግዜር ይባርካት። ቂሜ ወደ እሷ መርፌ የገፋኝ የሚስቴ ወንድም ላይ ነው።

ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ቢቸና ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ካስተማርኳቸው ሁሉ መደመርን አጥብቄ የያዝኩት እኔው ነኝ፤ በተለይ ወገቤ ላይ። ባለቤቴን ሳገባ ቀበቶዬ በአምስተኛው ቀዳዳ ነበር የሚታሰረው። ቀዳዳው ሲያልቅ በምስማር እየበሳሁ ቀጠልኩ። ቆዳው ራሱ ሲያልቅ ቀበቶውን ትቼ ሱሪዬን በትከሻዬ ማንጠልጠል ጀመርኩ።

ይህ ሁሉ ሥጋ ከየት መጣ ያላችሁኝ እንደሆነ፣ ከማኅበር ነው። የሦስት ማኅበር አባል ነኝ፤ በወር ሦስት ቀን ጽዋ አለ። ሰንበቴው፣ ተዝካሩ፣ ክርስትናው ሳይቆጠር ነው እንግዲህ። አስተማሪ ደግሞ የማይጠራበት ድግስ የለም። ደጋሹ ወይ ተማሪዬ ነው፣ ወይ የተማሪዬ አባት፣ ወይ በሒሳብ የጣልኩት ሰው ነው። የጣልኳቸው ሲያጎርሱ ይብሳሉ። አንድ ጉርሻ ሳልውጥ ሌላውን ይደግሙኛል። ፍቅር ይመስለኝ ነበር፤ እየተበቀሉኝ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የሚስቴ ወንድም ሞጣ ውስጥ የእህል ነጋዴ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ያንሰኛል። ሲያናግረኝ “ጋሼ” ብሎ፣ አንቱ ብሎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ነው። በዚህ እንዳትታለሉ። በእኛ አገር ሰው በአንቱታም ይገደላል።

ይህ ሰው በየዓመቱ ጥር ላይ የአስተርዮ ማርያምን ይዘክራል። የዛሬ ሁለት ዓመት እኔና ባለቤቴ ከቢቸና በሚኒባስ ሄድን። ረዳቱ ሳልጠይቀው የሁለት ሰው ቦታ ሰጠኝ፤ እኔም ለሽበቴ ያደረገው ክብር ነው ብዬ መረቅሁት። ሞጣ ስንደርስ ድግሱ እንደ ወትሮው የእህል መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ዳስ ተጥሏል፣ ሣር ተጎዝጉዟል፣ ካህናቱ ከፊት ተቀምጠዋል። ለእኔ አንድ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አመጡልኝ።

ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ሁለተኛውን ብርሌ ጠጅ ወደ አፌ ሳስጠጋ የወንበሩ የኋላ እግሮች እንደ ሰጋጅ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። እኔም ሣሩ ላይ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ብርሌው እጄ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ለዚህ ለዚህስ ሊጨበጨብልኝ ይገባ ነበር።

የሚስቴ ወንድም እየሮጠ መጣ። “እኔ ልውደቅ ጋሼ! እኔን ያድርገኝ!” እያለ በሁለት እጁ ሳበኝ፤ ሁለት ሰው ጨምሮ አቆመኝ። ከዚያ የተሰበረውን ወንበር አንስቶ ግራና ቀኝ እያገላበጠ ያየው ጀመር።

“ጥፋቱ የፋብሪካው ነው” አለ፤ ድምፁን ለዳሱ ሁሉ በሚበቃ ልክ ከፍ አድርጎ። “ስንት ኪሎ እንደሚችል አልጻፉበትም። ነገር ግን የእርስዎም አልተጻፈም ጋሼ። እስቲ ቁርጡን እንወቅ፤ ይምጡልኝ።”

እዚያው መጋዘኑ በር ላይ ጤፍ የሚመዘንበት ሚዛን አለ። ቁጥሩ በቀይ መብራት የሚበራ፣ ከዳሱ ጥግ ሆኖ እንኳ የሚነበብ ነው። እጄን ይዞ ወደዚያ መራኝ። እኔ ሞኙ ወጣሁ። ይህን ያህል ሰው እያየኝ እምቢ ማለት ከመመዘን የባሰ ውርደት መሰለኝ።

መዛኙ ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ ሲመዝን የኖረ ሰው ነው። ቁጥሩን ሲያይ አንደበቱ ራሱ ይጮኻል።

“ኩንታል ከአሥራ ሁለት!” አለ። ቀጥሎም፣ ያው እንደ ልማዱ፣ “የጆንያው ይቀነስ?”

እህል ሲመዘን የጆንያው ክብደት መቀነሱ የነጋዴ ወግ ነው። ጆንያው እንግዲህ ጋቢዬና ኮቴ መሆናቸው ነው።

“ግዴለም፣ ጆንያው አዲስ ነው” አለ የሚስቴ ወንድም፣ የኮቴን ጫፍ ዳበስ አድርጎ።

ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አንዱ ቄስ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሸካሚዎቹ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተደግፈው ተንከተከቱ። ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ግን ባለቤቴ ሳቀች። አርባ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር በእኔ ስትስቅ አይቻለሁ፤ እሱ መብቷ ነው፣ ከጋብቻው ጋር የተሰጣት። ነገር ግን ሁልጊዜ ለብቻችን ሆነን ነው። ከሰው ጋር ሆና፣ ከሌላው ሳቅ ጋር ድምጿን ቀላቅላ ስትስቅብኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ነው የሳቀችው።

ከሚዛኑ ሳልወርድ ተናገርኩ። “ስማ አንተ ነጋዴ! ለከርሞ በዛሬዋ ቀን እዚሁ ላይ እወጣለሁ። ከኩንታል በታች ከሆንኩ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ትጠይቀኛለህ።”

“ካልሆኑስ ጋሼ?”

“ካልሆንኩ እስክሞት ድረስ ጤፍህ ነኝ። በየዓመቱ መዝነኝ።”

“እሺ። የዛሬዋ ባለቀን ምስክር ትሁን።”

“ገና አልጨረስኩም። እኔ ስወርድ አንተ ትወጣለህ።”

ሆዱን አሻሸ። የእሱም ሆድ ቢሆን የዋዛ አልነበረም፤ በልኩ የተሰፋ ኮት ሸፈነለት እንጂ። “እወጣለሁ፤ ምን ገዶኝ!” አለ።

ድንጋይ መሸከም በእኛ አገር የቀልድ ነገር አይደለም። በዳይ ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ተበዳይ ይመጣል። ተበዳይ “ይቅር ለእግዚአብሔር” ብሎ በገዛ እጁ ያወርድለታል። እስኪያወርድለት ድረስ በዳይ ቀና አይልም። እኔም ያን ቀን ከሞጣ እስከ ቢቸና፣ መንገዱን ሁሉ ሳስብ የነበረው ስለ ሆዴ አልነበረም። ስለ ድንጋዩ ነበር።

በማግስቱ እህል ሳልቀምስ ድንጋይ ፍለጋ ወረድኩ። ከከተማው በታች ያለውን ጅረት ይዤ እያነሳሁ እየጣልኩ ዋልኩ። ሦስት ለስላሳ ድንጋዮች አገኘሁ፤ ለአንገት ስለሚመቹ ጣልኳቸው። በመጨረሻ አንድ ጥቁር፣ በአንድ ጎኑ ሾጠጥ ያለ፣ እንዴትም ቢያዞሩት የማይመች ድንጋይ ተገኘልኝ። እህል ቤት ወስጄ አስመዘንኩት፤ አሥራ ሦስት ኪሎ። አሥራ ሁለቱ ከኩንታሉ በላይ የተረፍኩት ነው። አንዱ ኪሎ ለባለቤቴ ሳቅ።

በራችን አጠገብ ሳስቀምጠው ባለቤቴ አየችኝ። “ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?”

“የወንድምሽ ነው” አልኳት።

ሁዳዴ ሲገባ ደስ አለኝ። ሃምሳ አምስት ቀን! ያለ ምንም ድካም እከሳለሁ ብዬ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጾም አንድም ቀን ከስቼ አለማወቄ ትዝ አላለኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እታገሣለሁ። ቅዳሴ ሲወጣ ግን የጎርፍ ያህል ነው ወደ ቤት የምገባው። ሽሮው ላይ ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ ስልጆው አለ፣ ተልባው አለ፤ እንጀራው ደግሞ የጠዋቱ፣ የምሳውና የማታው አንድ ላይ ነው። በፋሲካ ሳምንት ተደብቄ ተመዘንኩ። ኩንታል ከአሥራ ሦስት። ሁዳዴን ጾሞ አንድ ኪሎ የጨመረ ክርስቲያን ከእኔ በቀር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ መናኸሪያው አካባቢ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ “ስብ የሚያቀልጥ መርፌ ገባ።” እንደ ስኳር፣ እንደ ዘይት “ገባ” ነው የሚለው። የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ ነጠላዬን ተከናንቤ ገባሁ። መከናነቤ የከተማው ግማሽ ተማሪዬ ስለነበር ነው። ሲስተሯ ግን ከደቡብ የመጣች ልጅ ናት፤ አላስተማርኳትም፣ አልጣልኳትም። እፎይ አልኩ።

የደም ግፊቴን ለካች፣ ስኳሬን አየች፣ ስለ ጉበቴና ስለ ኩላሊቴ፣ ስለምወስደው ኪኒን ጠየቀች። ከዚያ መርፌውን ሳታነሳ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

“አባባ፣ መጀመሪያ እውነቱን ልንገርዎት። ይኼ ቫይታሚን ነው። ቢ-12 አለበት። ሌሎቹም ከእንቁላልና ከሥጋ፣ ከጥራጥሬም የሚገኙ ነገሮች ናቸው፤ ጉበት ስቡን እንዲያስተናግድ ያግዛሉ ይባላል። እንደ ቅቤ የሚያቀልጠው ነገር የለም። ብቻውን ሰው ያከሳል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃም የለም። የሚከሳው ምግቡን የቀነሰና በእግሩ የሄደ ነው።”

“በሩ ላይ የተለጠፈውስ?”

“እሱን የለጠፈው የክሊኒኩ ባለቤት ነው። እኔ ወጊ ነኝ።”

ሁሉን ነግራኛለች፤ አልደበቀችኝም። ጆሮዬ ግን በበቀል ተደፍኖ ስለነበር “ስብ” እና “መርፌ” የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ አሳለፈ። “ውጊኝ” አልኳት።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በሳምንት አንዴ ነው። ፈሳሹ እንደ ቀይ ሥር ውሃ ቀልቷል። ሲገባ ይለበልባል፤ ከትንኝ ይበልጣል፣ ከንብ ያንሳል። በማግስቱ የተወጋው ቦታ ሽምብራ የምታህል ቋጠሮ ይዛ ትቀራለች፤ ሰንበቴ ላይ በአንድ ጎኔ ስቀመጥ ማኅበርተኞቼ ወሬ ልነግራቸው ጎንበስ ያልኩ መስሏቸው ጆሯቸውን ይሰጡኝ ነበር። ሆድንም ትንሽ ያገላብጣል፤ እኔን ሁለት ቀን ወደ ጓሮ አመላለሰኝ። ጉልበት ይሰጣል የሚሉም አሉ። ቫይታሚኑ የጎደለው ሰው ሊሰማው ይችላል አለችኝ ሲስተሯ። እኔ የጎደለኝ ነገር ስላልነበረ አልተሰማኝም።

በሦስተኛው ቀን ግን ሽንቴ እንደ ጠጅ ቢጫ ሆኖ ወረደ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! “ቀለጠ! ቀለጠ!” ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ቤቱ የተቃጠለ መስሏት በባልዲ ውሃ ይዛ ደረሰች።

በሳምንቱ ለሲስተሯ የምሥራቹን ነገርኳት። ሳቋን ዋጠች። “እሱ ስብ አይደለም አባባ። ትርፉን ቫይታሚን ነው ኩላሊትዎ የሚያስወጣው።”

“ታዲያ ስቡ በየት ነው የሚወጣው?”

“መጀመሪያ በአፍዎ ባይገባ ነበር የሚሻለው።”

ይህም አልገባኝም። እንዲያውም ሌላ ጥበብ አመጣሁ። መርፌው ስብ የሚያቀልጥ ከሆነ፣ ገብቶ የሚያቀልጠው ካጣ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል ብዬ፣ በመርፌው ዋዜማ ጮማ መብላት ጀመርኩ። ሥራ ልስጠው ነው እኮ! ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነኝ ይህን ያሰብኩት። ከእኔ የተማራችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ፤ ድንጋይ ግን አልሸከምላችሁም።

ፍልሰታ ሲደርስ ጮማው ቀረ፤ ሌላ ጭንቀት መጣ። መርፌ ጾም ያስፈታ ይሆን? የንስሐ አባቴን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ላይ አግኝቼ ጠየቅኋቸው።

“ለምንድን ነው የምትወጋው? አሞሃል?” አሉኝ።

“ለመክሳት ነው አባ።”

“ምን ልትሆን ትከሳለህ?”

ለንስሐ አባት አይዋሽም። “ለመበቀል” አልኳቸው።

መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። “መርፌው ጾምህን አያስፈታህም። ቂምህ ግን ጾሙን በልቶ ጨርሶልሃል። ‘ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት’ ሲባል አልሰማህም?”

“ሰምቻለሁ አባ።”

“ታዲያ?”

“ሳሌን እስከ ጥር ልያዘው።”

መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ሲያሳልሙኝ ግን ግንባሬን ጠበቅ አድርገው የመቱኝ መሰለኝ።

የስድስተኛው መርፌ ቀን ነው ነገሩ የተለወጠው። የገበያ ቀን ነበር፤ ዝናቡ አባርቷል፣ ጭቃው ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ክሊኒኩ ስደርስ በሩ አጠገብ አንድ ዱላ ተደግፎ አየሁ። ወይራ ነው፣ ጫፉ ነሐስ፣ መያዣው ላይ ቀይ ሽቦ የተጠመጠመበት። ይህን ዱላ ከጫካ ቆርጬ፣ ቅቤ አጠጥቼ፣ ለሚስቴ ወንድም ለሠርጉ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

በነሐሴ ጭቃ፣ እህል ከገበያ በጠፋበት ወር፣ የሞጣ እህል ነጋዴ ቢቸና ምን ሊገዛ መጣ?

በእግሬ ጣት ገብቼ ከመጋረጃው በዚህ በኩል አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ድምፁ በመጋረጃው አልፎ ይሰማኛል።

“ሲስተር፣ እስከ ጥር ስንት ኪሎ ያወርደኛል?”

“ነገርኩዎት እኮ ጋሼ። መርፌው ብቻውን…”

“እሱን ተይው። አንድ ሽማግሌ አማች አለኝ። እሱ ከቀደመኝ አለቀልኝ። ድንጋዩን እሸከማለሁ፣ ድንጋዩ ምንም አይደል። ሚዛን ላይ ያወጣኛል። እሱ ኩንታል ከአሥራ ሁለት ነው፣ ዳስ ሙሉ ሰው አስቄበታለሁ። እኔ ደግሞ…” ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጆሮዬን መጋረጃው ላይ ለጠፍኩ። “…እኔ ከአሥራ አምስት ነኝ።”

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። በዚያ ፍልሰታ ከልቤ የወጣ ምስጋና እሱ ብቻ ነው። ሳያየኝ ሹልክ ብዬ ወጣሁ፤ መርፌዬንም ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ተወጋሁ።

መርፌው እንደማይሠራ የገባኝ ያን ቀን ነው። ሲስተሯ ስድስት ሳምንት ብትነግረኝ ያላመንኩትን፣ ጠላቴ እንደ እኔው ቂጡን ገልጦ ሲማጸን አመንኩ። ደግሞስ ለሁለታችንም አንድ መርፌ ቢሠራ እኩል እንወርዳለን። እኩል ከወረድን በቀሉ የታለ? የጀመርኩትን አሥር ግን ጨረስኩ። አራቱን የተወጋሁት ዱላውን ለማየት ነው። በአሥሩ ሳምንት የወረድኩት ሁለት ኪሎ ነው፤ እሱንም ጮማውን በመተዌ።

መስከረም ሲጠባ ድንጋዩን አቁማዳ ውስጥ ከትቼ፣ ጀርባዬ ላይ አዝዬ መሄድ ጀመርኩ። ሲስተሯ “በዚህ ዕድሜ ድንጋይ ምን ያደርግልዎታል፣ እንዲሁ በእግርዎ ይሂዱ” ብላኛለች፤ ልክ ናት። እኔ ግን ባዶ ጀርባዬን ስሄድ መንገድ ላይ ሁሉም ሰው ቤት እገባለሁ። ድንጋዩ ሲኖር የምሄድበትን አልረሳም። ጠዋት ጠዋት ከቤቴ ተነስቼ፣ ከከተማው ወጥቼ፣ ወደ ደብረ ወርቅ የሚወስደውን መንገድ ይዤ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ነበር የምመለሰው፤ ባጃጆች ታመመ ብለው ይቆሙልኛል።

“ጋሼ፣ ምን ተሸክመው ነው?” ይሉኛል ገበሬዎቹ።

“የአማቼን አንገት።”

ማኅበር ላይ “ይብቃኝ” አልኩ። የማኅበሩ ሰዎች ተያዩ፤ አንዱ “ለፍታት እንዘጋጅ እንዴ?” አለ። የጣልኳቸው ተማሪዎች ጉርሻ ጠቅልለው ሲመጡ፣ ጉርሻው ላይ የሚስቴን ወንድም ፊት አያለሁ፤ አፌ ይገጥማል። ሲርበኝ “የጆንያው ይቀነስ?” እላለሁ ለራሴ። ርሃቡ ወዲያው ንዴት ይሆንልኛል፤ ንዴት ደግሞ ሆድ ይሞላል።

የነቢያት ጾም ሲገባ ኮቴ ትከሻዬ ላይ ይዋኝ ጀመር። አንድ ቀን ከመንገድ ስመለስ ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

“አንተ ሰውዬ፣ ተወው እንግዲህ። ወንድሜ ቀልዶ ነው።”

“አንቺስ?”

ምን እንዳልኩ ገብቷታል። ነጠላዋን አስተካከለች፣ መሬቱን አየች። “ወንበሩ ሲሰበር ሞተ ብዬ ልቤ ቀጥ አለ” አለችኝ። “ከዚያ ተዘርረህ፣ ብርሌህን ከፍ አድርገህ እንደያዝክ አየሁህ። ሳቄ ያኔ መጣ። ሚዛኑ ላይ የሳቅሁትም ያንኑ ነው፤ ስላልሞትክ።”

ጥሩ መልስ ነበር። ከድንጋዩ ላይ የእሷን አንድ ኪሎ ልቀንስላት አሰብኩ። ግን ድንጋይ ጆንያ አይደለም፤ አይቀነስም።

ጥር ደረሰ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የሰነበተ ቢሆንም ለዝክሩ ተከፈተ። ረዳቱ በዚህኛው ዓመት የሁለት ሰው ቦታ አልሰጠኝም። ለድንጋዩ ግን “ይኼ ሰው ላይ እንዳይወድቅ” ብሎ ቦታ ፈለገለት።

ሞጣ ግቢው ውስጥ ስገባ የሚስቴ ወንድም አየኝ። ፈገግታው ከንፈሩ ላይ ሳይደርስ ቀረ። “ጋሼ! ምነው እንዲህ ከሱ? እኔን!” ለእኔ የብረት ወንበር አዘጋጅቶ ነበር። አልተቀመጥኩበትም። ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው እንደተቆረሰ ጋቢዬን ለባለቤቴ ሰጥቼ ቀጥ ብዬ ወደ ሚዛኑ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ተነሳ፤ ዓመት ሙሉ ሲጠብቁ ኖረዋል ለካ።

ወጣሁ። መዛኙ አንገቱን አሰገገ።

“ዘጠና ዘጠኝ!” አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ልማዱም አልቀረ፤ “የጆንያው ይቀነስ?”

“ግዴለም፣ ጆንያው ያረጀ ነው” አልኩት እኔው።

ከሚዛኑ አልወረድኩም። ለምን እወርዳለሁ? ዓመት ሙሉ የለፋሁለት ዙፋን ነው። እዚያው ቆሜ፣ ድንጋዩ ከአቁማዳው ወጥቶ ለሚስቴ ወንድም ሲሰጥ፣ እሱም ዳሱ ጫፍ ሄዶ አንገቱ ላይ ሲያስቀምጠው አየሁ። በለስላሳው በኩል ሊያዞረው ሞከረ። ለስላሳ የለውም፤ እኔ ነኝ የመረጥኩት። ጎንበስ ብሎ፣ እየተንገዳገደ፣ ካህናቱን አልፎ፣ ሸካሚዎቹን አልፎ፣ እግሬ ሥር ደረሰ።

“ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። ስለ ማርያም ይቅር ይበሉኝ።”

ወዲያው ማውረድ ነበረብኝ። እኔ ግን በቅድሚያ ጠጅ እንዲያቀብሉኝ ጠየቅሁ። ብርሌው መጣ። ቀስ ብዬ ጠጣሁ፤ በመሐል እያረፍኩ።

“አውርድለት እንጂ!” አሉ እኒያ አምና በመስቀላቸው አፋቸውን የሸፈኑት ቄስ።

“እየዋጥኩ ነው አባ።”

ብርሌውን መለስኩ። ከዚያ እስከ ጆሮው ጎንበስ ብዬ፣ ከእሱ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ “የቢቸናዋ ሲስተር ሰላም ብላሃለች” አልኩት። “በየትኛው ጎን ነበር የወጋችህ?”

ከድንጋዩ ሥር ዓይኑ ብቻ ዞሮ አየኝ። ያን ዓይን ደግሜ ለማየት ሌላ አሥር መርፌ በደስታ እወጋለሁ።

“ይቅር ለእግዚአብሔር!” አልኩ፣ ዳሱ እንዲሰማ። ድንጋዩን በሁለት እጄ ከአንገቱ አንስቼ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። በዚያች ቅጽበት እንደ እኔ ኩሩ ሰው በጎጃም ምድር አልነበረም። የት ላይ እንደቆምኩ ግን ረስቼዋለሁ።

መዛኙ ቁጥሩን አየ። አንደበቱ ጮኸ።

“ኩንታል ከአሥራ ሁለት!”

ዳሱ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ካህናቱ ሳቁ፣ ሸካሚዎቹ ሳቁ፤ ባለቤቴ ጋቢዬን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እኔ ድንጋዬን እንደ ሕፃን አቅፌ ያን ቀይ ቁጥር አፍጥጬ አየሁት። ዓመት ሙሉ ተወግቼ፣ ተርቤ፣ ደብረ ወርቅ መንገድን ስመላለስ ከርሜ ያችው ቁጥር! መጨረሻ ላይ እኔም ሳቅሁ፤ አልሳቅሁም ብል ይኼ ሁለተኛ ኃጢአት ይሆንብኛል።

ሳቁ ሲበርድ ከሚዛኑ ወረድኩ። ቀጣዩ ተራ የእሱ ነበር። ዞር ስል የሚስቴ ወንድም የለም። “ጠጅ ላስቀዳ” ብሎ ወደ ጓዳ ገብቷል አሉኝ፤ እኛ እስክንሄድ ድረስ ያ ጠጅ ሲቀዳ ዋለ። “ታርቃችኋል፣ በቃ” አሉ ቄሱ። እውነት ነው፤ ለድንጋዩ ታርቀናል፣ በእጄ አውርጃለሁ። ለሚዛኑ ግን ማንም ይቅር ለእግዚአብሔር ሲል አልተሰማም።

ይኼው ዓመት ሊሆነው ነው። ዘንድሮ ጥር ላይ ምን ሰበብ እንደሚያመጣ አላውቅም። እኔ ድንጋዬን ይዤ መሄዴን አልተውኩም፤ ማኅበሩንም ሙሉ በሙሉ አልተውኩም፤ ስለዚህ ኩንታል ከሁለት ነኝ። ባለፈው የገበያ ቀን ከመንገድ ስመለስ በክሊኒኩ ደጅ አለፍኩ። ወይራው ዱላ እዚያው ቦታው ላይ ተደግፏል። ከመጋረጃው ጀርባ “ቀስ በይ ሲስተር፣ ቀስ!” የሚል ድምፅ ይሰማኛል።

አቁማዳዬን ፈታሁ። ድንጋዩን ከዱላው ጎን፣ በሹል ፊቱ ወደ በሩ አዙሬ አስቀመጥኩት። ሲወጣ ለማየት አልጠበቅሁም። ጀርባዬ ቀሎኝ፣ እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ባለቤቴ ባዶውን አቁማዳ አየች፣ በሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታም አየች። “ድንጋዩስ?” አለችኝ።

“ባለቤቱ መጥቶ ወሰደው።”